10 ሚሊ ሜትር፦ የተማሪ ፀጉር፣ የትምህርት ቤት ደንብና የዘር አድልዎ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 መጨረሻ፣ የፕሪቶሪያ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓመታዊ ባዛሩን እያካሄደ ነበር። ግቢው በወላጆችና በእንግዶች ተሞልቷል። በዚህ መሀል ጥቁር ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች ተሰልፈው መጡ። ከፊሎቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረዋል፣ ከፊሎቹ ሹሩባ ተሠርተዋል። መፈክር አላሰሙም፤ ድንጋይም አልወረወሩም። ሆኖም የጥበቃ ሠራተኞች መንገድ ዘጉባቸው። ዙለይካ ፓቴል የምትባል የ13 ዓመት ልጅ ከፊት ሆና ሁለቱንም እጆቿን ከጎፈሬዋ በላይ አንሥታ በጡጫ አጣመረች። ያን ጊዜ የተነሣችው ፎቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ።

ሰኞ ዕለት የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር የትምህርት ኃላፊ ፓንያዛ ሌሱፊ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው ተማሪዎቹን አነጋገሩ። ልጃገረዶቹ ጎፈሬያቸውን ይዘው እንዳይመጡ፣ ይልቁንም ፀጉራቸውን እንዲያለሰልሱ ይነገራቸው እንደነበር አስረዱ። በእረፍት ሰዓት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲጫወቱ መገሠጻቸውንም ጨምረው ተናገሩ። ኃላፊው በደንቡ ውስጥ ያለው የፀጉር አንቀጽ ለጊዜው እንዳይሠራበት አደረጉ፤ ጉዳዩም በገለልተኛ የሕግ ባለሙያዎች እንዲጣራ ታዘዘ።

ትምህርት ቤቱ በ1902 የተመሠረተ፣ በአገሪቱ ስመ ጥር ከሚባሉት አንዱ ነው። ለአብዛኛው ዕድሜው የነጭ ልጆች ብቻ ነበር፤ ጥቁር ተማሪዎች መግባት የጀመሩት አፓርታይድ ሊፈርስ በተቃረበበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዙለይካ የተወለደችው ኔልሰን ማንዴላ ፕሬዚዳንት ከሆኑ ከስምንት ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ የተማረችበት ግቢ ደንብ ግን የተቀረጸው ሌላ ፀጉር ያላት ተማሪ ታስባ ነበር።

ደንቡ ምን ይል ነበር?

ደንቡን ያነበበ ሰው ‘ጥቁር’ ወይም ‘ነጭ’ የሚል ቃል አያገኝበትም። ሹሩባም ሆነ ድሬድ ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። ነገር ግን የእያንዳንዱ ጉንጉን ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ሹሩባው ከግንባር እስከ ማጅራት በትይዩ መስመር መውረድ አለበት፤ ቅርጽ ማውጣት አይፈቀድም። ሁሉም አሠራር ‘የተስተካከለ’፣ ‘ጨዋ’ እና ከደንብ ልብሱ ጋር የሚሄድ ይሁን ይላል። ጎፈሬን በስም አይጠራውም። የተስተካከለ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው የዕለቱ መምህር ዐይን ነው።

ችግሩ እንዲገባን ስለ ፀጉር ተፈጥሮ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ዞማ ፀጉር ሲያድግ ወደ ታች ይወርዳል፤ በአንድ ጎማ ሲታሰር ጉዳዩ ያልቃል። ጥብቅ ብሎ የሚጠቀለል ፀጉር ግን ወደ ላይና ወደ ጎን ነው የሚያድገው፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በጥቅልሉ ውስጥ እስከ ጫፍ በቀላሉ ስለማይደርስ ይደርቃል፤ ደጋግመው ሲያበጥሩትም ይሰበራል። ሹሩባ፣ ቁጥርጥርና ድሬድ ከጌጥነታቸው ባሻገር የዚህ ፀጉር መንከባከቢያ ዘዴዎች ናቸው። እናቶች ቅዳሜን ከሰዓት ሙሉ ልጃቸውን በጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው የሚጎነጉኑት ለሳምንቱ ፀጉሩ እንዳይጎዳ ብለው ነው።

ይህን ፀጉር ‘ለማስተኛት’ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ፒያስትራ ወይም ሪላክሰር። ፒያስትራ በሙቀት ያደርቃል፤ ዝናብ ሲነካው ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ብዙዎቹ ሪላክሰሮች ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ጠንካራ ኬሚካል ያለባቸው ናቸው። ሰዓቱ ካለፈ የራስ ቆዳ ያቃጥላሉ። ፀጉሩም ከሥሩ እንደገና ተጠቅልሎ ስለሚበቅል በየጥቂት ሳምንቱ መመላለስ የግድ ነው። እንግዲህ አንዱ ደንብ ከአንዷ ተማሪ የፀጉር ማስያዣ ጎማ፣ ከሌላዋ ደግሞ ገንዘብ፣ ጊዜና የቆዳ መቃጠል ይጠይቃል ማለት ነው። ለሁሉም ተማሪ 37 ቁጥር ጫማ አድሎ ‘እኩል አስተናግጃለሁ’ እንደማለት ነው።

የሕግ ሰዎች ይህን ዓይነቱን በደል ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ ይሉታል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚጎዳው ግን በአመዛኙ አንዱን ወገን ነው። ደንብ አውጪው በልቡ ዘረኛ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚታየው ውጤቱ ነው።

በፀጉር ዘር ይለይባት የነበረች አገር

በደቡብ አፍሪካ የፀጉር ነገር ከሌላው አገር ይበልጥ የሚያቆስለው በምክንያት ነው። በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ዜጋ በዘር መድቦ መዝግቧል። መለኪያው መልክና የአካባቢው ሰው አስተያየት ነበር። መልክ ሲያጠራጥር አንዳንድ ባለሥልጣናት እርሳስ ያነሡ ነበር። እርሳሱን ፀጉር ውስጥ ይሰኩታል፤ ወዲያው ከወደቀ ነጭ፣ ተይዞ ከቀረ ነጭ አይደለም ይባላል። ይህ የእርሳስ ፈተና በሕጉ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ሕጉ ደብዛዛ ቃል ሰጠ፤ የቀረውን የሹሙ ዐይንና እጅ ሞላው።

በሳንድራ ላይንግ ላይ የዚህ ሕግ ፍርድ የወረደው በትምህርት ቤት ሳለች ነው። በ1955 ከአፍሪካነር ነጭ ወላጆች ተወለደች። ቆዳዋ ግን ጠየም ያለ፣ ፀጉሯም ጥቅልል ነበር። በፒት ሬቲፍ ከተማ የነጮች አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ስትማር የሌሎች ልጆች ወላጆችና መምህራን አጉረመረሙ። በ1966፣ ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ፖሊሶች ከክፍል አውጥተው ወደ ቤቷ ወሰዷት። መንግሥትም ‘ክልስ’ ብሎ መደባት። አባቷ ተሟገቱ፤ በ1967 የትውልድ ሐረግን የሚያስቀድም የሕግ ማሻሻያ ወጣና ተመልሳ ነጭ ተባለች። የሕዝብ ምዝገባ ሕጉ ራሱ የተሻረው በ1991 ነው።

በፕሪቶሪያ ልጃገረዶች ፀጉር ላይ የተነሣው ቁጣ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። ‘የተስተካከለ ፀጉር’ ምን እንደሆነ ለመምህር ዐይን የተወ ደንብ፣ ‘ነጭ መልክ’ ምን እንደሆነ ለሹም ዐይን ከተወው ሕግ ጋር ተመሳሳይ አሠራር አለው። ቅጣቱ በእጅጉ ይለያያል፤ ሥልጣኑ የተቀመጠበት ቦታ ግን አንድ ነው።

ፍርድ ቤት ቀድሞ ተናግሮ ነበር

ይበልጥ የሚገርመው፣ ልጃገረዶቹ በ2016 ሲሰለፉ የአገራቸው ፍርድ ቤቶች ለጉዳዩ መልስ ሰጥተው መጨረሳቸው ነው። በ2002 በኬፕታውን አቅራቢያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የራስተፈሪ እምነት ተከታይ ሆና ድሬድ ፀጉር በማሳደጓና ቆብ በመድፋቷ ለአምስት ቀን ከትምህርት ታግዳ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው። ጥፋት የሚባለው ከባድ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው፤ ፀጉር ግን እንደዚያ ሊቆጠር አይችልም አለ።

በ2007 ደግሞ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። አንዲት የደርባን ተማሪ በደቡብ ሕንድ ባህሏ መሠረት ትንሽ የአፍንጫ ጌጥ አድርጋ ነበር። ትምህርት ቤቷ ጌጥ በደንብ ተከልክሏል፣ እናትየውም ደንቡን ፈርማለች ብሎ ተከራከረ። ዋና ዳኛ ፒየስ ላንጋ በጻፉት ውሳኔ ትምህርት ቤቱ አድልዎ ፈጽሟል ተባለ። ሁሉንም እኩል መቅጣት እኩልነት እንዳልሆነ፣ ደንቡም በባህልና በእምነት ምክንያት ለየት ላለ ተማሪ ቦታ መስጠት እንዳለበት ተወሰነ። የአንዲት ልጅ የአፍንጫ ጌጥ የትምህርት ቤቱን ሥርዓት እንደሚያፈርስ የቀረበ ማስረጃ አልነበረም።

ታዲያ ይህ ውሳኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፕሪቶሪያ ለምን አልደረሰም? በ1996 በወጣው የትምህርት ቤቶች ሕግ መሠረት ደንብ የሚያወጣው የየትምህርት ቤቱ አስተዳደር ቦርድ ነው። ቦርዱ የሚመረጠው ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከሌሎች የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይወከላሉ። ዝንባሌው ሁልጊዜ የነበረውን ማስቀጠል ነው፤ የድሮው ደንብ ወረቀት ዓመት እየተቀየረበት ይታተማል። ጠበቃ ማቆም የማይችል ወላጅ ደግሞ ከመሟገት ይልቅ ልጁን ፀጉር ቤት መውሰድ ይቀለዋል። ፍርድ ቤት ያሸነፈ መብት በትምህርት ቤት በር ላይ እንደገና መከበር ያለበት ለዚህ ነው።

በቴክሳስ፦ ሕጉ ወጣ፣ ቅጣቱ ቀጠለ

ከሂዩስተን ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኘው በሞንት ቤልቪው የባርበርስ ሂል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በ2020 መጀመሪያ ዲአንድሬ አርኖልድ የተባለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ድሬዱን ካልቆረጠ በምርቃቱ ላይ እንደማይገኝ ተነገረው። እርሱና የአጎቱ ልጅ ከሰሱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የፌዴራል ዳኛው ጆርጅ ሃንክስ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ደንቡ በታናሽየው ልጅ ላይ እንዳይፈጸም አገዱ።

በዚያ ሰሞን አገሪቱ በሙሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ትነጋገር ነበር። በታኅሣሥ 2018 በኒው ጀርዚ አንድ የትግል ስፖርተኛ ተማሪ፣ የግጥሚያው ዳኛ ‘ወይ ፀጉርህን፣ ወይ ግጥሚያህን’ ብሎት በተመልካች ፊት ድሬዱ ሲቆረጥ የሚያሳየው ቪዲዮ ብዙዎችን አስቆጥቷል። በሐምሌ 2019 ካሊፎርኒያ የክራውን ሕግ የተባለውን አዋጅ በማውጣት የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። አዋጁ ከዘር ጋር የተያያዘ የፀጉር ዓይነትንና አሠራርን፣ ማለትም ሹሩባን፣ ድሬድንና ቁጥርጥርን፣ ምክንያት አድርጎ ማግለልን እንደ ዘር አድልዎ ይቆጥራል። ከዚያ ወዲህ ከ20 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። የአገር አቀፉ ረቂቅ በመጋቢት 2022 በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም በሴኔቱ አልጸደቀም።

ቴክሳስም ሕጉን አወጣች፤ በሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 2023 ነው። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በዚያው በባርበርስ ሂል ዳሪል ጆርጅ የተባለ ጥቁር ተማሪ ከክፍል ታገደ። ድሬዱን ጎንጉኖ በራሱ አናት ላይ አስሮታል። የትምህርት ቤቱ ክርክር እንዲህ ነበር፦ ድሬድ አልከለከልንም፤ የከለከልነው ርዝመት ነው። የወንድ ልጅ ፀጉር ሲፈታ ከቅንድብ፣ ከጆሮ ጫፍና ከቲሸርት አንገትጌ በታች እንዳይወርድ ደንቡ ይላል። ልጁ የትምህርት ዘመኑን አብዛኛውን ጊዜ ከክፍል ጓደኞቹ ተለይቶ በቅጣት ክፍል አሳለፈ።

በየካቲት 2024 ዳኛ ቻፕ ኬይን ጉዳዩን ሰምተው ለትምህርት ቤቱ ፈረዱ፤ ሕጉ ስለ አሠራር እንጂ ስለ ርዝመት አይናገርም አሉ። በነሐሴ ወር ደግሞ ዳኛ ሃንክስ፣ ያው በ2020 ለሌላው ተማሪ የወሰኑት፣ የልጁን አብዛኛዎቹን የፌዴራል ክሶች ውድቅ አድርገው የጾታ አድልዎን የሚመለከተውን ብቻ አቆዩት፤ ሴት ተማሪዎች ያው ርዝመት ተፈቅዶላቸዋልና። ድሬድ ደግሞ ጊዜ ወስዶ፣ እየረዘመ የሚሠራ ፀጉር ነው። አሠራሩን ፈቅዶ ርዝመቱን የሚከለክል ደንብ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል። ሕግ አውጪዎቹ ያልጠቀሱት አንድ ነጥብ ለትምህርት ቤቱ ሰፊ በር ሆነለት።

ጥቁር መምህር፣ ጥቁር ተማሪ፣ ያው ደንብ

እስካሁን ያየነው ነጮች የጻፉት ደንብ ጥቁር ልጅ ላይ ሲወድቅ ነው። በናይሮቢ፣ በአክራና በማላዊ ግን ርእሰ መምህሩም፣ ሚኒስትሩም፣ ዳኛውም፣ ተማሪውም ጥቁር ናቸው፤ ያም ሆኖ ድሬድ ያለው ልጅ ከበር ሲመለስ ቆይቷል። የተመለሱት በአብዛኛው የራስተፈሪያን ልጆች ናቸው።

ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ አንባቢ ቤት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ በጃማይካ ስማቸውን የእምነት ስም ያደረጉ ሰዎች ተነሡ። ሻሸመኔ ላይ የተሰጣቸው መሬት፣ ንጉሡም በ1966 ኪንግስተን ሲወርዱ የተደረገላቸው አቀባበል በእኛም በእነርሱም ዘንድ ይታወቃል። ፀጉራቸውን የማይላጩት በዘኁልቁ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን የናዝራዊ ስእለት ጠቅሰው ነው፤ ሶምሶንን የሚያውቅ፣ በገዳም በር ባሕታዊ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንግዲህ ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ ያዞሩ የአፍሪካ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለማስተማር ፍርድ ቤት መቆም ነበረባቸው።

በጥር 2019 በናይሮቢ ኪቤራ አካባቢ አንዲት ተማሪ በድሬዷ ምክንያት ከትምህርት ቤት ተመለሰች። በመስከረም ዳኛ ቻቻ ምዊታ ራስተፈሪ በሕግ የሚጠበቅ እምነት መሆኑን ተቀብለው፣ በፀጉሯ የተነሣ ትምህርቷ እንዳይስተጓጎል አዘዙ። በጋና ሁለት ወጣቶች በ2021 ዝነኛው የአቺሞታ ትምህርት ቤት ተመድበው ሳለ ፀጉራችሁን ቁረጡ ተባሉ። አቺሞታ በ1927፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የተከፈተ ነው። የአክራው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግንቦት 31 ቀን 2021 ትምህርት ቤቱ እንዲቀበላቸው ወሰነ። በማላዊ ደግሞ ዳኛ ዚዮኔ ንታባ ግንቦት 8 ቀን 2023 የራስተፈሪያን ልጆች ድሬዳቸውን ይዘው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ ፈረዱ፤ የትምህርት ሚኒስቴሩም ይህን ለሁሉም ትምህርት ቤቶች በደብዳቤ እንዲያሳውቅ ታዘዘ።

ከእነዚህ አገሮች የምንማረው፣ አድልዎ እንዲቀጥል በየዘመኑ ዘረኛ ሰው መቀመጡ የግድ አለመሆኑን ነው። ደንቡ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ተከትሎት የሚመጣው አስተዳዳሪ፣ እርሱ ራሱ በዚያ ደንብ ተላጭቶ ያደገ፣ ‘እኛም እንዲህ ሆነን ነው የተማርነው’ ብሎ ያስፈጽመዋል።

የትምህርት ቤቶቹ ክርክር

ትምህርት ቤቶች የሚያቀርቡት ምክንያት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። የደንብ ልብስ የሀብታሙንና የድኻውን ልጅ ልዩነት ያጠብባል፤ ወላጅንም ከየዕለቱ የልብስ ወጪ ያድናል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ረጅም ፀጉር በእሳት አጠገብ መታሰር አለበት። ቅማል በአዳሪ ትምህርት ቤት እውነተኛ ችግር ነው። በለንደን አንድ ትምህርት ቤት የወንዶችን ሹሩባ የከለከለው የወሮበላ ቡድን ምልክት እንዳይገባብኝ ብሎ ነበር።

ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት ግን ምክንያቱ መልካም መሆኑን ብቻ አይደለም፤ የተከለከለው ነገር ከምክንያቱ ጋር መገናኘቱን ነው። እሳት ካሠጋ ፀጉር ይታሰር፤ መቆረጥ ለምን አስፈለገ? ቅማል ካሠጋ ዞማ ፀጉርም ይመረመር። በለንደኑ ክስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2011 ክልከላው በቤተሰብ ልማድ ሹሩባ የሚሠሩ ጥቁር ወንዶች ልጆችን የሚጎዳ ቀጥተኛ ያልሆነ የዘር አድልዎ ነው ብሎ ወስኗል። የብሪታንያ የእኩልነትና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በጥቅምት 2022 ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መመሪያ፣ ጎፈሬን፣ ሹሩባንና ድሬድን ያለ በቂ ምክንያት መከልከል ሕገ ወጥ ሊሆን እንደሚችል አሳስቧል።

ለእኛስ?

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የፀጉር ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል የሚቆም አይደለም። ግን ከጥያቄ ነፃ አይደለም። በጠዋት ሰልፍ ላይ ፍሪዝ ያሳደገ ልጅ ከመስመር ወጥቶ ‘ተስተካክለህ ና’ ሲባል ያላየ የለም። አምስቱን የጠላት ወረራ ዘመን ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ በዱር የታገሉ አርበኞችን ጎፈሬ በክፍል ግድግዳ ሰቅለን፣ ሹሩባቸው እስከ ማጅራት የወረደውን አፄ ቴዎድሮስን በታሪክ ትምህርት አወድሰን፣ ያንኑ ፀጉር በተማሪው ራስ ላይ ስናየው የዱርዬ ምልክት እናደርገዋለን። በየቤታችንም ዞማ ሲመሰገን ከርዳዳ ሲሰደብ ያደገች ሴት ልጅ ብዙ ናት። ይህን ከደቡብ አፍሪካ አላመጣነውም።

በውጭ አገር የምትኖሩ ወላጆች ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታችኋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በኮሎራዶ የክራውን ሕግ ከ2020 ጀምሮ፣ በሚኒሶታና በቴክሳስ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ አለ። የቴክሳሱ ክስ እንዳሳየው ግን ሕግ መኖሩ ብቻ አያድንም። የልጃችሁን ትምህርት ቤት ደንብ ስትፈርሙ አንብቡት። የፀጉር ቅሬታ ሲመጣ በቃል አትመልሱ፤ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ በጽሑፍ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። ልጃችሁን ወደ ፀጉር ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት የግዛታችሁን ሕግ አረጋግጡ።

አገር ውስጥ ያላችሁ ርእሳነ መምህራንና የወላጅ መምህር ኅብረት አባላትም በክረምቱ እረፍት ደንባችሁን አውጥታችሁ በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ሁለት ጥያቄ አንሡ። ይህ ክልከላ ለመማር ማስተማሩ ምን ይጠቅማል? ሸክሙስ በማን ላይ ይወድቃል? የማስረዳት ግዴታ ያለበት ደንቡ ነው፤ ልጁ ስለ ፀጉሩ ማስረዳት የለበትም። ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ያልተገኘለት አንቀጽ ከደንቡ ይውጣ።